ስድስት ሳምንት ዝም ያለው ሥራ አስኪያጅ፦ የሮበርት ኦዌን የሕይወት ታሪክ

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከገዛ ዘመዶቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ብዙ ሰዓት ይተያያሉ። ጧት ይገናኛሉ፤ ማታ ይለያያሉ። በመካከሉ ያለው ሰዓት በመግባባት ያለፈ እንደ ሆነ ሥራው ይቃናል። በኩርፊያና በሹክሹክታ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ደመወዝ ቢጨመርም፣ ወንበርና ጠረጴዛ ቢለወጥም ሥራው ወደ ፊት አይራመድም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጦር ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤትም ይሆናል።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ ከያዝን ገና ብዙ ጊዜ አልሆነንም። ነገር ግን በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ ጥፋት አጥፍተናል። በመጀመሪያው የሥራ ወራችን፣ በመዝገብ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ አንድ አዛውንት ፋይሎቹን የሚያስቀምጡበትን መንገድ አይተን፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉት ሳንጠይቅ፣ እንዴት መደርደር እንደሚገባው አስረዳናቸው። አዛውንቱ በትሕትና ሰሙን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሰላምታ በቀር አንድ ወር ሙሉ አላነጋገሩንም። የተናገርነው ነገር ስሕተት ነበር ለማለት አይደለም። ስሕተቱ ሳንሰማ መናገራችን ነበረ።

ስለዚህ ነገር ስናስብ ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ አንድ ሰው ታወሰን። ይህም ሰው ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ኑሮ መሻሻልና ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር በሚጻፉ መጻሕፍት ሁሉ ስሙ የሚነሣው ሮበርት ኦዌን ነው። አንባቢዎቻችን ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዲከታተሉ እንጠይቃለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮርቻ ሠሪው ልጅ

ሮበርት ኦዌን በ1771 በዌልስ ውስጥ ኒውታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሠሪና የብረታ ብረት ነጋዴ ነበረ፤ የከተማይቱንም የፖስታ ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር። ከሰባቱ ልጆች ሮበርት ስድስተኛው ነው። ገና በሰባት ዓመቱ ማንበብና መጻፍ ስለ ቻለ አስተማሪው ረዳት አደረገው፤ ታናናሾቹን ያስተምር ጀመር። በዘጠኝ ዓመቱ ትምህርት ቤቱን ትቶ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። በአሥር ዓመቱ ደግሞ ወደ ለንደን ወደ ታላቅ ወንድሙ ሄደ። ከዚያም ስታምፎርድ በተባለች ከተማ ማክገፎግ ከሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ገባ። የመጀመሪያውን ዓመት የሠራው ለምግቡና ለማደሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዓመት 8 ፓውንድ፣ ሦስተኛውን 10 ፓውንድ ተቀበለ።

ይህ ነጋዴ በሐቀኝነቱ የታወቀ ነበርና ልጁ ከእርሱ ሁለት ነገር ተማረ፤ አንደኛው ጨርቅን በጣት ዳስሶ መለየት፣ ሁለተኛው ሰውን በዝግታ አዳምጦ የሚፈልገውን ማወቅ ነው። ኋላ በሥራው ሁሉ የረዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በማንችስተር

በዚያን ዘመን የማንችስተር ከተማ በጥጥ ፋብሪካ ጢስ ተሸፍና ነበር። ኦዌን ወደዚያ ሄዶ ጥቂት ጊዜ በሱቅ ከሠራ በኋላ ከወንድሙ 100 ፓውንድ ተበድሮ ከአንድ ሸሪክ ጋራ የመፍተያ መኪና መሥራት ጀመረ፤ ቀጥሎም ለብቻው ጥቂት መኪናዎች ይዞ ክር ማስፈተል ያዘ። ወደ ሃያ ዓመት ዕድሜ ሲጠጋ ድሪንክዋተር የሚባል ባለጸጋ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንደሚፈልግ በጋዜጣ አሳወጀ። ኦዌን ቀርቦ በዓመት 300 ፓውንድ ጠየቀ። ባለጸጋው የልጁን ፊትና የገንዘቡን ብዛት አመዛዝኖ ቢደነግጥም፣ ወጣቱ ያን ያህል ገንዘብ ከገዛ ሥራው እንደሚያገኝ በመዝገብ ስላሳየው ቀጠረው።

አሁን ልብ ማለት የሚገባን ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ነው። በፋብሪካው 500 ያህል ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች ይሠሩ ነበር። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ሌላ ሥራ ይዞ ስለ ሄደ ሥራውን የሚያስረክበው ሰው አልነበረም። ኦዌን እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ መርቶ አያውቅም፤ ከብዙዎቹ ሠራተኞችም በዕድሜ ያንሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አለማወቁን ለመሸፈን ሲል በማግሥቱ ትእዛዝ ማውረድ በጀመረ ነበር። እርሱ ግን ጧት ከመጀመሪያዎቹ ጋራ እየገባ፣ ማታ በሩን እየቆለፈ፣ እያንዳንዱን መኪናና እያንዳንዱን ሠራተኛ ሲመለከት ስድስት ሳምንት ኖረ። ለሚጠየቀው ነገር አዎን ወይም አይደለም ብሎ ከመመለስ በቀር በእነዚህ ስድስት ሳምንቶች አንዲት ትእዛዝ አላወጣም። ከዚያ በኋላ ግን የእያንዳንዱን ክፍል ሥራና ጉድለት አውቆ ስለ ነበር፣ የሰጠው ትእዛዝ ሁሉ ለሠሪዎቹ ዕንግዳ አልሆነም። ፋብሪካው የሚያወጣው ክርም ከፊተኛው እጅግ የቀጠነና የተወደደ ሆነ።

ዝምታ ሁሉ ጥበብ ነው አንልም። አለቃው በኩራት ዝም ሲል ምንዝሩ ይፈራል፤ ለመማር ዝም ሲል ግን ምንዝሩ ቀስ በቀስ ይቀርበዋል። ሠራተኛው ሁለቱን ዝምታዎች ለመለየት ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

ኒው ላናርክ

በእስኮትላንድ፣ ክላይድ የሚባለው ወንዝ ፏፏቴ እየሠራ በሚወርድበት ሸለቆ፣ ዴቪድ ዴል የተባለ ነጋዴ ከ1785 ጀምሮ ትልቅ የጥጥ መፍተያ አቋቁሞ ነበር። ቦታውም ኒው ላናርክ ይባላል። በ1799 ኦዌን ከሸሪኮቹ ጋራ ሆኖ ፋብሪካውን በ60,000 ፓውንድ ገዛ። በዚያው ዓመት የዴልን ልጅ ካሮላይንን አገባ። በ1800 መጀመሪያም ሥራውን ተረከበ።

የተረከበው መኪና ብቻ አልነበረም፤ ወደ ሁለት ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ነበር። ከእነዚህም 500 የሚሆኑት ከድኾች መጠለያ የመጡ ልጆች ነበሩ። ሥራው በቀን እስከ 13 ሰዓት ይደርሳል። ስርቆትና ስካር የተለመደ ነበረ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከሰሜኑ ተራራማ አገር የመጡ የጌይሊክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ስለ ሆኑ፣ ከደቡብ የመጣውን ወጣት በንግግሩም በአገሩም ባዕድ አደረጉት። ከዚህም በላይ፣ አዲስ ጌታ ሁሉ የሚመጣው ብዙ ሊያሠራና ጥቂት ሊከፍል ነው ብለው ያምኑ ነበር። እስከዚያ ድረስ ያዩት ይህንኑ ነበርና አይፈረድባቸውም።

ኦዌን እንደ ልማዱ ማንንም አላባረረም። ስርቆትን በእስር ከመከልከል ይልቅ ዕቃው በየእጁ ሲያልፍ የሚቈጠርበትን ሥርዓት አበጀ። ሊያሻሽል ያሰበውንም ነገር በአዋጅ ከመንገር ይልቅ፣ በሠራተኞቹ ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ ሰዎችን እየፈለገ ምክንያቱን አስረዳቸው። በሱቁ የተበላሸ ዕቃ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን አስቀርቶ መልካሙን በርካሽ እንዲገዙ አደረገ። ይህም ሁሉ ሆኖ ሕዝቡ ልቡን አልሰጠውም። የቤቶችን ንጽሕና የሚመለከቱ ጐብኚዎች በየደጁ መዞር በጀመሩ ጊዜማ፣ ሴቶቹ ትኋን አዳኞች የሚል ስም አወጡላቸው። ነገሩ ያስቃል፤ ግን እውነት አለበት። ሰው መልካም ነገር እንኳ ቢሆን ሳይጠየቅ በደጁ ሲገባበት ደስ አይለውም።

አራቱ ወሮች

በ1807 መጨረሻ በአሜሪካና በእንግሊዝ መካከል በተነሣው ጠብ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት መርከቦቹ ወደ ውጭ አገር ዕቃ እንዳይጭኑ ከለከለ። የጥጥ ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። ባለፋብሪካዎች በሮቻቸውን እየዘጉ ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። ኦዌንም መኪናዎቹን አቆመ። ነገር ግን አንድም ሰው አላሰናበተም። ሠራተኞቹ መኪናዎቹን እየወለወሉና እየጠበቁ እንዲቆዩ አድርጎ፣ አራት ወር ሙሉ ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈላቸው። ለዚህም ከ7,000 ፓውንድ በላይ ወጣ፤ ከማንም ደመወዝ አንዲት ሳንቲም አልተቀነሰችም።

ከእነዚህ አራት ወሮች በኋላ የኒው ላናርክ ሕዝብ ተለወጠ። ኦዌን ለብዙ ዓመታት በቃል ሲያስረዳው የኖረውን ነገር ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሰማው። አነጋገሩ አልጣፈጠም፤ ቋንቋውም አልተለወጠም። የተለወጠው ሰሚው በተናጋሪው ላይ ያለው እምነት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ስለ መነጋገር ብዙ ይባላል፤ ስብሰባ ይጠራል፤ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ኦዌን ግን በገንዘቡ ያሳየን፣ እምነት ካልቀደመ ቃል ከደጅ የማያልፍ መሆኑን ነው።

ፍትሕን ሙሉ ለማድረግ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በእነዚያ መኪናዎች የሚፈተለው ጥጥ ብዙውን ጊዜ በባሕር ማዶ ባሪያዎች የለቀሙት ነበረ። የኒው ላናርኩ ደግነት እስከ እነርሱ አልደረሰም። የእነርሱን ድምፅ በዚያ ሸለቆ የሰማ አልነበረም።

ዝምተኛው ተቆጣጣሪ

ኦዌን ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ለተመልካች ይበልጥ ዕንግዳ የሆነው ግን አንዲት ትንሽ እንጨት ናት። በዚያን ጊዜ በፋብሪካዎች የሥራ ኀላፊ ሠራተኛውን የሚያርመው በስድብ፣ ሕፃን የሆነ እንደ ሆነም በዱላ ነበር። ኦዌን ይህን ከለከለ። በምትኩ በእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ ባለ አራት ገጽ የሆነች እንጨት አንጠለጠለ። አንዱ ገጽ ጥቁር፣ ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ቢጫ፣ አራተኛው ነጭ ነው። ጥቁሩ መጥፎ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቢጫው ደኅና፣ ነጩ እጅግ መልካም ማለት ነው። ሠራተኛው ትናንትና እንዴት እንደ ዋለ ዛሬ ወደ ፊት የዞረው ቀለም ይናገራል። ውጤቱም በየዕለቱ በጠባይ መዝገብ ይጻፋል። የሥራ ኀላፊዎቹም ራሳቸው በበላዮቻቸው እንዲሁ ይመዘኑ ነበር። ኦዌን በክፍሎቹ ሲያልፍ ቀለሙን ያያል፤ ሰውየውን ያያል፤ ጥቁር ላለበትም አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገር ያልፋል። በመጀመሪያ ጥቁሩ ይበዛ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሰማያዊው፣ ከዚያም ቢጫውና ነጩ እየበዛ ሄደ።

እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ በመጀመሪያ ደስ አላለንም። የትናንቱን ስሕተቱን በአጠገቡ ሰቅሎ መዋል ለማን ደስ ይለዋል? ባልንጀራው ሲያልፍ ያየዋል፤ ዕንግዳ ሲመጣ ያየዋል። ስድብ ቢቀር ኀፍረቱ አልቀረም። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛን ሥራ በቍጥር የሚመዝኑ ልዩ ልዩ ሰሌዳዎችና መኪናዎች ስላሉ ጥያቄው አላረጀም።

ነገር ግን ወደ ውስጥ ስንመለከተው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቀለም ያልሆነ ሌላ ነገር እናገኛለን። ይኸውም አቤቱታ ነው። የሥራ ኀላፊው በደለኝ የሚል ማንም ሠራተኛ፣ ምልክቱ በመዝገብ ከመጻፉ በፊት፣ ወደ ኦዌን ወይም እርሱ በሌለበት ወደ ፋብሪካው ሹም ቀርቦ የመናገር መብት ነበረው። ለአቤቱታ የሚቀርበው ሰው ጥቂት ነበር ይባላል። ይህ ግን መብቱ ከንቱ መሆኑን አያሳይም። የሥራ ኀላፊው ምንዝሩ የሚሰማው ሰው እንዳለው ካወቀ፣ ጥቁሩን ከማዞሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። የማይሰሙት ሥርዓት ግን በየትኛውም ቀለም ቢቀባ ጥቁር ነው።

ሸሪኮቹና ሠራተኞቹ

ኦዌን ከበታቾቹ ጋራ የተስማማውን ያህል ከእኩዮቹ ጋራ አልተስማማም። ለትምህርት ቤትና ለሠራተኛ ቤት ገንዘብ ባወጣ ቍጥር ሸሪኮቹ ያጕረመርሙ ነበር። በመጨረሻም ሥራውን ከእጁ ለማውጣት ቆርጠው ፋብሪካው በ1813 መጨረሻ በግላስጎ ከተማ በሐራጅ እንዲሸጥ አደረጉ። ኦዌን ግን አስቀድሞ አዲስ ሸሪኮች አግኝቶ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ስመ ጥሩው የሕግ ሊቅ ጀረሚ ቤንታም ነው። ተጫራቾቹ ዋጋውን እያወጡ ሄደው በ114,100 ፓውንድ ላይ ሲደርስ ፋብሪካው ለኦዌን ቀረ። ወደ ኒው ላናርክ ሲመለስ ሠራተኞቹ ቤታቸውን በመብራት አድምቀው ወጡ፤ ፈረሶቹን ፈትተው ሠረገላውን በገዛ እጃቸው ጐተቱት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት እንደ ባዕድ ለተቀበሉት ሰው ያደረጉት ይህን ነው።

በ1816 መጀመሪያ ሲያስበው የኖረውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ለሕፃናቱ የመረጠው አስተማሪ ብዙ የተማረ ሳይሆን ብዙ የሚታገሥ ድኻ ሸማኔ ነበረ። የተሰጠውም ትእዛዝ ሕፃንን እንዳይመታ፣ በክፉ ቃልም እንዳያስፈራራ ነው። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ በፋብሪካ መሥራቱ ቀረ። የሥራውም ቀን ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ዝቅ አለ። እንዲህም ሆኖ ፋብሪካው ማትረፉን አልተወም። ከየአገሩ መሳፍንትና ሊቃውንት፣ በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ኒኮላስ ጭምር፣ ይህን ለማየት ወደ ሸለቆው መጡ።

ማድመጥ ሲቀር

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች እዚህ ላይ ቢያቆሙ ይወዳሉ። እኛ ግን እንቀጥላለን፤ ትምህርቱ ያለው በቀጣዩ ነውና።

ዝናው በሰፋ መጠን ኦዌን የሚናገረው በዛ፤ የሚሰማው አነሰ። አንድ አሳብ ይዞ በየአዳራሹ እየደጋገመ ይናገር ጀመር። የተቃወመውን ሰው በጨዋነት ይታገሠው ነበር እንጂ ከእርሱ የሚማረው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። በ1817 በለንደን ባደረገው ንግግር ሃይማኖቶችን ሁሉ ስለ ነቀፈ ብዙ ወዳጆቹ ራቁት። በኒው ላናርክም ሃይማኖተኛ የሆኑት ሸሪኮቹ በትምህርት ቤቱ ስለሚሰጠው ዘፈንና ጭፈራ ተጣሉት።

ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1825 በኢንዲያና ክፍለ ሀገር በዋባሽ ወንዝ ዳር ያለ ሙሉ መንደር ገዛ። ስሙንም ኒው ሃርመኒ አለው፤ አዲስ ስምምነት እንደ ማለት ነው። በዚያ ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው በኅብረት እንዲኖሩ አሰበ። ግቡ ተብሎ በተነገረ ጊዜ ስምንት መቶ ያህል ሰዎች ጐረፉ። ከእነርሱ መካከል ብርቱ ሠራተኛም፣ ሊቅም፣ ሥራ ጠልም ነበረበት። ኦዌን የመክፈቻውን ንግግር አደረገ፤ ነገር ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው መንደሩን ለልጁ ትቶ ሄደ። በተመለሰ ጊዜ ያገኘው ክርክር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የመተዳደሪያው ደንብ ተደጋግሞ ተለወጠ፤ በ1827 ማኅበሩ ፈረሰ። አብዛኛው ሀብቱም በዚያው ቀረ።

ሁለቱን እናነጻጽር። በማንችስተር የሃያ ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ አንዲት ቃል ከማዘዙ በፊት ስድስት ሳምንት ተመለከተ። በኒው ሃርመኒ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲሆነው፣ አስቀድሞ ተናገረ፤ ከዚያም ሄደ። በመጀመሪያው ቦታ ዕውቀት አልነበረውም፤ ስለዚህ አዳመጠ፤ ሥራውም ቀና። በሁለተኛው ቦታ ዕውቀት ሞልቶት ነበር፤ ስለዚህ አላዳመጠም፤ ሥራውም ፈረሰ።

ወደ አገሩ ተመልሶ የቀረውን ዕድሜውን ለሠራተኛ ማኅበራት አሳለፈ። በ1834 የእንግሊዝ ሠራተኞችን ሁሉ በአንድ ለማስተባበር የተቋቋመው ታላቅ ማኅበርም ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። ነገር ግን ዘሩ መሬት ላይ አልቀረም። በ1844 በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የኦዌን ተከታዮች፣ ትንሽ የኅብረት ሱቅ ከፈቱ። በእነርሱ ደንብ ለያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ነበረው። በየአገሩ፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመሩበት መሠረተ አሳብ ከዚያ የወረደ ነው። ኦዌን ሊያስተምር የወደደውን፣ እርስ በርስ መደማመጥ የቻሉት እነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ አዋሉት።

ሮበርት ኦዌን በኖቬምበር 1858 በተወለደባት በኒውታውን በ87 ዓመቱ ዐረፈ፤ በዚያችው ከተማ ከወላጆቹ ዘንድ ተቀበረ። የኒው ላናርክ መኪናዎች እስከ 1968 ድረስ ሠርተው ቆሙ። መንደሩም ከ2001 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ይጐበኛል።

እንግዲህ አለቃ የሆነ አንባቢ ከዚህ ታሪክ አራቱን ወሮች ይውሰድ፤ ሠራተኞቹ ቃሉን የሚመዝኑት በችግር ቀን ባደረገው ነገር መሆኑን ይወቅ። እንደ እኛ ለሥራ ዐዲስ የሆነ ሁሉ ደግሞ ስድስቱን ሳምንት ይውሰድ። እኛ ራሳችን፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ ወደ መዝገብ ቤቱ አዛውንት ተመልሰን ፋይሎቹ ለምን እንደዚያ እንደ ተደረደሩ ጠየቅናቸው። ወንበር ሰጡንና ግማሽ ቀን አስረዱን። ከአሳባችን ግማሹ ከንቱ ኖሯል፤ ግማሹን ግን እርሳቸው ራሳቸው ተቀብለው በማግሥቱ መደርደር ጀመሩ።